ያውቁ ኖሯል? ኤፌሶን ከአጣዬ እስከ ሼክስፒር መድረክ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥተው ወደ ደሴ ሲያቀኑ፣ ጀውሃንና ሰንበቴን አልፈው የሚያገኟት አጣዬ ሌላ ስም እንዳላት ያውቁ ኖሯል? ኤፌሶን ትባላለች! አዎን፣ ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸው ሰዎች ከተማ ስም፣ እዚሁ ይፋት ቆላ ላይ!

ይኸው ስም ከ400 ዓመት በፊት የለንደንን ተመልካች በሳቅ ያፈርስ ነበር ቢባሉስ ያምናሉ? ዊልያም ሼክስፒር «የስሕተቶች ኮሜዲ» የተባለችውን ተውኔቱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ኤፌሶን ውስጥ ነው ያኖራት! አንዲት ትዕይንት እንኳ ከከተማዋ አትወጣም!

ጉዱን ይስሙ! ሁለት መንታ ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለቱም ስማቸው አንቲፎለስ! መንታ አሽከሮች አሏቸው፤ የሁለቱም ስም ድሮሚዮ! አንዱ ጌታ ከነአሽከሩ የኤፌሶን ሰው ነው፣ ሌላው ከነአሽከሩ የሲራኩስ። ሚስት የባሏን መንታ ባሏ መስሏት አስገብታ ምሳ ታበላዋለች! እውነተኛው ባል ደጁ ተቆልፎበት የገዛ ቤቱን በር ይደበድባል!

ታሪኩ የመጣው ፕላውተስ ከተባለ የጥንት ሮማዊ ጸሐፌ ተውኔት ነው። ፕላውተስ ግን ታሪኩን ያኖረው ኤፒዳምነስ በምትባል ሌላ ከተማ ነበር! ሼክስፒር ከዚያ ነቅሎ ኤፌሶን ላይ ተከለው! ፕላውተስ በአንድ ጥንድ መንታ ሲረካ፣ ሼክስፒር አሽከሮቹንም መንታ አደረጋቸው!

ለምን ኤፌሶን? የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 19 ይመልከቱ! ከተማዋ በአስማተኞቿ የታወቀች ነበረች። አስማተኞቹ አምነው መጽሐፎቻቸውን በሰው ፊት ሲያቃጥሉ ዋጋው ቢተመን 50 ሺህ ብር ሆነ! የለንደን ተመልካች ይህን ያውቃል። ስለዚህ እንግዳው አንቲፎለስ ሰው ሁሉ በስሙ ሲጠራው «ይህች አገር ጠንቋይ በጠንቋይ ናት» ብሎ ቢደነግጥ ማንም አልፈረደበትም!

ተውኔቷ በዲሴምበር 28 ቀን 1594 ማታ ግሬይስ ኢን በተባለው የለንደን የሕግ ተማሪዎች ግቢ መታየቷን ያውቁ ኖሯል? (እዚህ የሚያነቧቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕዝቡ ከልክ በላይ በዝቶ ግርግር ተነሣ! ያቺ ሌሊት እስከ ዛሬ «የስሕተቶች ሌሊት» ትባላለች!

ከሼክስፒር ተውኔቶች ሁሉ አጭሯ እሷ ናት! ታሪኩ ጧት ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል!

ሼክስፒር በተውኔቶቹ ሁሉ «አሜሪካ» የሚለውን ስም የጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው! የት? እዚችው ኤፌሶን ውስጥ! ድሮሚዮ ድቡልቡሏን የወጥ ቤት ሠራተኛ የዓለም ሉል አድርጎ አገር ይቆጥርባታል፤ አየርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ስፔን፣ አሜሪካ... አፍሪካን ግን አልጠራትም!

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ! በሼክስፒር መድረክ «ኤፌሶናዊ» ማለት ምን ማለት እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የመጠጥ ጓደኛ! የጠጅ ቤት ባልንጀራ! ብርሌ አብሮ የሚያጋጭ ወዳጅ!

«ሄንሪ 4ኛ» በተባለው ተውኔት ሁለተኛ ክፍል፣ አንድ ልዑል ጠጪው ወዳጁ ፎልስታፍ ማታ ከነማን ጋር እንደሚያመሽ ይጠይቃል። የፎልስታፍ ብላቴና ሲመልስ ስም አይጠራም፣ ሥራቸውን አይናገርም። ኤፌሶናውያን ናቸው ይላል! ልዑሉም ወዲያው ይገባዋል!

በ«የዊንድዘር ፍልቅልቅ ሚስቶች» ደግሞ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ፎልስታፍን ከታች ሆኖ ሲጣራ፣ ራሱን የእሱ ኤፌሶናዊ ብሎ ያስተዋውቃል! ያውም በክብር፣ በፍቅር!

ልብ ይበሉ! ቃሉ በዚህ ትርጉሙ በሼክስፒር ሥራዎች ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ሁለቱም ጊዜ ስለ አንድ ሰው ነው! ስለ ሆዳሙ፣ ስለ ጠጪው፣ ስለ ተወዳጁ ፎልስታፍ! ሌላ ማንም ኤፌሶናዊ ጓደኛ አልተሰጠውም!

አጃኢብ የሚያሰኘው ደግሞ ይህ ነው፦ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ምዕራፍ 5 ቁጥር 18 ላይ፣ ከስካር እንዲርቁ አጥብቆ ይመክራቸዋል! የተመከሩት ሰዎች ስም የጠጪዎች መጠሪያ ሆኖ አረፈው!

ቆሮንቶስም አላመለጠችም! የዚያው «ሄንሪ 4ኛ» አንደኛ ክፍል «ቆሮንቶሳዊ» የሚለውን ቃል ለደፋርና ጨዋታ አዋቂ ጎረምሳ ይጠቀምበታል! ጳውሎስ መልእክት የላከላቸው ሁለት ከተሞች፣ ሁለት የመጠጥ ቤት ቅጽል ስሞች!

የጥንቷ ኤፌሶን ፍርስራሽ ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ሴልቹክ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ቱርኮች «ኤፌስ» ይሏታል። ከ1969 ጀምሮ የሚጠመቀው የቱርክ ዝነኛ ቢራ ማን ይባላል? ኤፌስ! ፎልስታፍ ይህን ሳይሰማ መቅረቱ ያሳዝናል!

ፊደሉንስ አይተውታል? በእኛ 4 ፊደል ይበቃል፤ ኤ፣ ፌ፣ ሶ፣ ን! እንግሊዞች 7 ይደረድራሉ፤ ለ«ፌ» ብቻ 3!

መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ን» ከየት መጣች? በግሪክኛ ከተማዋ ባለቤት ስትሆን «ኤፌሶስ»፣ ተሳቢ ስትሆን «ኤፌሶን» ነው የምትባለው! እንግሊዝኛ የላቲኑን መንገድ ተከትሎ «ስ»ን ይዞ ቀረ። የእኛ መጻሕፍት «ን»ን ይዘው ይፋት ድረስ አመጧት!

«የስሕተቶች ኮሜዲ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመችው በ1623 ነው፤ ሼክስፒር ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ! 36 ተውኔቶች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ተጠርዘው ወጡ። ከ36ቱ 18ቱ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም ነበር! ያ መጽሐፍ ባይታተም ይህችም ኤፌሶን፣ «ማክቤዝ»ም ከእጃችን በወጡ ነበር!

በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያው ትዕይንት መግቢያ ላይ የኤፌሶን ስም ዛሬ እንግሊዞች እንደሚጽፉት ሆኖ ተጽፏል። እዚያው መስመር ላይ ያለችው ሲራኩስ ግን «ሲራኩሳ» ሆናለች፤ ያውም ዛሬ «ዋይ» በሚገባበት ቦታ «አይ» ገብቶ! የወኅኒ ጠባቂው ደግሞ በ«ጄ» ፋንታ በ«አይ» ይጀምራል! በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ «አይ» እና «ጄ» ገና አልተለያዩም! «ዩ» እና «ቪ»ም እንዲሁ!

ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ አንዴ አንቲፎለስ፣ አንዴ አንቲፎሊስ ተብሎ ታትሟል! ሉቺያና የተባለችው ሴት አንድ ቦታ ላይ ጁሊያና ሆና ትገባለች! የወጥ ቤት ሠራተኛዋ መጀመሪያ ሉስ ነበረች፤ ትንሽ ቆይታ ኔል ሆነች! ሰው ከሰው በሚምታታበት ተውኔት ስሞቹም ተምታቱ!

ለመሆኑ አታሚው ፊደል የሚጨምርና የሚቀንሰው ለምን ይመስልዎታል? አንዳንዴ መስመሩን ለመሙላት ነው! ቦታ ሲተርፈው መጨረሻ ላይ አንድ «ኢ» ይለጥፋል፤ ሲጠበው ያነሣታል! ማንም «ተሳሳትክ» አይለውም ነበር!

ከዚህ ሁሉ ግን ልቤን የሰረቀችው አንዲት ቃል አለች። ይታገሡኝና ይስሟት! ኤፌሶናውያን የሚጠሩበት የ«ሄንሪ 4ኛ» ሁለተኛ ክፍል በ1600 ለብቻው ታትሞ ነበር። በውስጡ «ሳይለንስ» የሚባል ዳኛ አለ፤ ዝምታ ማለት ነው። በዚያ ኅትመት ላይ ስሙ በ«ኤስ» እና በ«ሲ» ይጀምርና በ«ኤስ» ያልቃል! ዛሬም ቢሆን፣ ያኔም ቢሆን፣ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ አይገኝም!

ይህች እንግዳ አጻጻፍ ሌላ የት ተገኘች? በብሪቲሽ ላይብረሪ ባለ አንድ በእጅ የተጻፈ ተውኔት ላይ! ስሙ «ሰር ቶማስ ሞር» ይባላል። ብዙ ጸሐፍት ተረባርበው የጻፉት ነው፤ እያንዳንዱ የእጅ ጽሑፍ ከሌላው ይለያል። ሦስቱ ገጾች ላይ ባለው እጅ «ሳይለንስ» የሚለው ቃል ልክ በዚያው በ«ኤስ» እና በ«ሲ» ተጽፎ ተገኘ!

ሊቃውንቱ ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው! እነዚያ ሦስት ገጾች የሼክስፒር የራሱ የእጅ ጽሑፍ ናቸው ብለው ብዙዎች እንዲያምኑ ካደረጓቸው ማስረጃዎች አንዷ ይህች አንዲት ቃል ናት! አንድ ትርፍ ፊደል ምስክር ሆና ቆመች!

በእነዚያው ገጾች ላይ «ሸሪፍ» የሚለው ሹመት በ5 መስመር ውስጥ 5 ጊዜ ይመጣል። ስንት ዓይነት አጻጻፍ ይመስልዎታል? 5! አንዱ ሌላውን አይመስልም! ያውም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ገጽ!

የሼክስፒር ፊርማ 6 ብቻ መትረፉን ያውቁ ኖሯል? በአንዱም ላይ ስሙ ዛሬ እንግሊዞች በሚጽፉት ሙሉ አጻጻፍ አልተጻፈም! የዓለም ታላቁ ጸሐፌ ተውኔት እንደ ዛሬው የእንግሊዝኛ መምህር ቢሆን የገዛ ስሙን ስቷል!

ባላንጣው ክሪስቶፈር ማርሎስ? የቀረችን ፊርማ አንዲት ናት። እሷም «ማርሌ» ትላለች!

ሼክስፒር «ሐምኔት» የተባለ ልጅ ነበረው፤ በ1596 ሞተበት። ልጁ በስሙ የተጠራለት ጎረቤት በሼክስፒር የ1616 ኑዛዜ ውስጥ «ሐምሌት» ተብሎ ተጽፏል! እዚያው ሰነድ ላይ ግን ራሱ በምስክርነት ሲፈርም «ሐምኔት» አለ! አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ስም!

ሪቻርድ መልካስተር የተባለ የለንደን ርእሰ መምህር በ1582 የብዙ ሺህ ቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ ዘርዝሮ አሳተመ። ማን ይስማው!

በ1604 ሮበርት ካውድሪ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ዓላማው ትክክለኛ አጻጻፍ ማስተማር መሆኑን ሽፋኑ ላይ ጻፈ። በዚያው ሽፋን ላይ «ቃላት» የሚለውን ቃል በሁለት የተለያየ መንገድ ጻፈው! ወይ ጉድ!

እነሱን ስናይ እኛስ? «ፀሐይ»ን ይውሰዱ! መጀመሪያዋን በፀሐዩ «ፀ» ወይም በጸሎቱ «ጸ» መጻፍ ይቻላል። መካከሏን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ መጻፍ ይቻላል። ሲባዛ 12! አንዱም ድምፁን አይለውጠውም!

«ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን በአማርኛ መድረክ ያናገራቸው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። የሱን ስም ይሞክሩት! «ጸ» ወይም «ፀ»፤ «ኅ»፣ «ህ» ወይም «ሕ»፤ ገብረ መድኅን ተለያይቶ ወይም ተገጥሞ። ይኸም 12! «ሮሚዮና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ ያመጡት ከበደ ሚካኤል ግን ከዚህ ፈተና ተርፈዋል!

የተውኔቱ ባለቤትስ? ሼክስፒር፣ ሼክስፒየር፣ ሼክስፔር፣ ሸክስፒር! ራሱም ስሙን በአንድ መንገድ አልጻፈምና አይቀየመንም!

ሼክስፒር በ1564 ሲወለድ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ማን ነበሩ? ዐፄ ሠርፀ ድንግል! ከነገሡ ገና ዓመታቸው ነበር! «ሠርፀ» በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ሠርፀ፣ ሠርጸ፣ ሰርፀ፣ ሰርጸ! ንጉሡና ጸሐፌ ተውኔቱ፣ አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፣ ከ30 ዓመት በላይ አንድ ዘመን ኖሩ!

ይፋት ራሷ በስንት መልክ እንደተጻፈች ያውቁ ኖሯል? ይፋት! ኢፋት! ዪፋት! የዐፄ ዓምደ ጽዮንን የ1332 ዘመቻ የሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕል ስሟን ደጋግሞ ያነሣታል። የአረብ ጸሐፍት ደግሞ አውፋት አሏት፤ ወፋትም አሏት!

በ14ኛው መቶ ዘመን ስለ ይፋት አብዝቶ የጻፈው አል-ዑመሪ እግሩ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም! ከዘይላ ሰዎች እየጠየቀ ጻፈ። የይፋት ሰው ጫት እንደሚቅም እንኳ ሳይቀር ደርሶበታል!

አረቦቹ ይፋትን «ጀበርት» ብለውም ይጠሯት ነበር። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር ዐይቶ የጻፈው የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ ማን ይባላል? ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ! የይፋት ጥላ ካይሮ ድረስ!

እዚሁ ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለው የተራራ ወገብ ላይ ይፋትን የገዙት የወላስማ ሱልጣኖች መቃብር ይገኛል! በአረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች አሉት። የመንደሩ ስም እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ይፋት!

በ1840ዎቹ የመጡት እንግሊዞች «ኤፋት» አሏት። ካፒቴን ሐሪስም፣ ሐኪሙ ጆንስተንም። ሁለቱም ግን በአልዩ አምባ ከተማ ስም ላይ ተለያዩ! አንዱ «አሊዮ»፣ አንዱ «አሊዩ»! ሁለቱም ዐይተዋታል፣ ጆንስተን ኖሮባታል፣ መጽሐፎቻቸው በአንድ ዓመት፣ በ1844፣ ታትመዋል!

ሸዋ ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች! ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ በ«ኤክስ» ጀመራት። ፈረንሳዮች በ«ሲኤች»፣ ጣሊያኖች በ«ኤስሲአይ»፣ ጀርመኖች በ«ኤስሲኤች»! እንግሊዞች «ሾዋ» አሉ፣ ኋላ «ሸዋ» አሉ! አምስት አገር ለአንዲት «ሸ» ሲጨነቅ ኖረ! ለእኛ አንድ ምልክት በቂ ነው!

ሮቢት የሚባሉ ሌሎች ከተሞች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? አንዷ ከባሕር ዳር አጠገብ፣ አንዷ ራያ ቆቦ ውስጥ! ሦስት ሮቢት! የእኛዋን ከእነዚያ የሚለያት «ሸዋ» የሚለው ቅጥያ ነው። ሁለቱን አንቲፎለሶችም የኤፌሶኑ፣ የሲራኩሱ እያሉ ነበር የሚለዩዋቸው!

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ብርሃን ሲደርሱ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነበሩ። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደው፣ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1,280 ሜትር ላይ ነዎት! ጋቢዎን ያውልቁ፣ ቆላ ገብተዋል! ሽንኩርቱና ማሾው በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ሚኒባሱ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ፦ «ሸ/ሮቢት»! አንድ ፊደልና አንድ እዝባር ሸዋን ሙሉ ተሸከሙ! ረዳቱ ደግሞ ያቺንም ትቶ «ሮቢት! ሮቢት!» ብሎ ይጣራል!

የሼክስፒር ዘመን ጸሐፊዎችም ያው ነበሩ! «ዊዝ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» የሚሉትን ቃላት በአንድ ሁለት ፊደል አሳጥረው ትንሿን ፊደል ከላይ ያንጠለጥሏት ነበር!

የወረዳዋም ስም በሁለት ይጻፋል፤ ቀወት፣ ቀዎት! ሮቢትም ከሸዋ ጋር ተገጥማ «ሸዋሮቢት»፣ ተለያይታ «ሸዋ ሮቢት»! ከተማዋ በሁለቱም ትሰማለች!

አጣዬ ያለችበት ወረዳ ማን ይባላል? ኤፍራታና ግድም! ኤፍራታ ማለት ደግሞ የቤተ ልሔም የጥንት ስም ነው! ራሔል የተቀበረችበት መንገድ፣ ነቢዩ ሚክያስ የጠራት ከተማ!

ጎረቤቷስ? አንጾኪያና ገምዛ! እነማጀቴና መኮይ ያሉበት! ኤፌሶን፣ ኤፍራታ፣ አንጾኪያ በአንድ አካባቢ! ታናሽ እስያ፣ ይሁዳና ሶርያ በእግር መንገድ ተገናኙ! አንጾኪያም በ«ጾ»፣ በ«ፆ» ትጻፋለች፤ ሰው አንዳንዴ «አንጦኪያ» ይላታል!

አሁን ይያዙኝ! ከአንጾኪያ ተነሥቶ ኤፌሶን የሚያልቅ የሼክስፒር ተውኔት አለ! «ፔሪክሊስ» ይባላል፤ በ1609 ታተመ። ንግሥት ኤልሣቤጥ ካረፈች በኋላ፣ በንጉሥ ጄምስ ዘመን የተጻፈ ነው። ልዑሉ ከአንጾኪያ ሸሽቶ ባሕር ለባሕር ሲንከራተት ዓመታት ያልፋሉ፣ መርከብ ይሰበራል፣ ልጅ ይጠፋል፤ ኤፌሶን የሚደርሰው በመጨረሻው ትዕይንት ነው! በይፋት ግን ሁለቱ ስሞች የወረዳ ድንበር ብቻ ነው የሚለያቸው!

በዚያው ተውኔት አንዲት ንግሥት በወሊድ ሞታለች ተብላ በሣጥን ባሕር ላይ ትጣላለች። ሞገዱ የት አወጣት? ኤፌሶን ዳርቻ! አንድ መድኃኒት ዐዋቂ ሣጥኑን ከፍቶ ነፍስ ይዘራባታል! ተነሥታም የዲያና ቤተ መቅደስ አገልጋይ ትሆናለች!

ይህንንም ልብ ይበሉ፦ በ«የስሕተቶች ኮሜዲ»ም ባሕር ከባሏ የነጠላት ሚስት ከስንት ዓመት በኋላ ኤፌሶን ገዳም ውስጥ እመ ምኔት ሆና ትገኛለች! ሼክስፒር ሁለት ጊዜ ሚስት አጠፋ፣ ሁለት ጊዜ ኤፌሶን ላይ፣ ሁለት ጊዜ በእግዚአብሔር ወይም በአማልክት ቤት ውስጥ አስገኘ! በወጣትነቱ አንዴ፣ በማምሻው አንዴ!

ኢትዮጵያስ በዚያ መድረክ ላይ ወጥታለች? ወጥታለች! በ1590 በታተመው የማርሎ «ታምበርሌይን» ሁለተኛ ክፍል አንድ የጦር አለቃ «ማችዳ» የምትባል ከተማ ደርሶ የታላቁን ዮሐንስን ዘውድ እንደነጠቀ ይፎክራል! ዮሐንስ ያሉት ያን አውሮፓ በምናቧ ያነገሠችውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው! ማርሎ «ማችዳ»ን ያገኘው ከኦርቴሊየስ ካርታ ነው። ሰውየው ድል ያደረገው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር!

ሼክስፒርም «ምንም ያልሆነ ሁከት» በተባለው ተውኔቱ ይህንኑ ዮሐንስን ጠርቶታል። አንዱ ወጣት ከአንዲት ምላሰኛ ሴት ጋር ከሚነጋገር ሄዶ የዮሐንስን እግር ርዝመት ለክቶ መምጣት ይሻለዋል!

የጥንቷ ኤፌሶን ቲያትር ስንት ሰው እንደሚይዝ ያውቁ ኖሯል? ወደ 25 ሺህ! የሼክስፒሩ ግሎብ 3 ሺህ ገደማ ነበር የሚይዘው! በዚያ ቲያትር ሕዝቡ በጳውሎስ ላይ ተነሥቶ የአርጤምስን ስም እየጠራ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጮህ ቆየ!

የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ሄሮስትራቶስ የሚባል ሰው አቃጠለው። ለምን? ስሙ እንዲጠራ! የኤፌሶን ሰዎች ስሙን የሚጠራ ይቀጣ ብለው ደነገጉ። ይኸው 2,300 ዓመት አልፎ ይፋት ላይ እንኳ እየጠራነው ነው!

በ431 ኤፌሶን ላይ 200 ሊቃውንት ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች የመጨረሻው ይህ ነው!

በክርስቲያኑ ትውፊት ዋሻ ገብተው ዘመናት ያንቀላፉት ሰባቱ ወጣቶች የኤፌሶን ልጆች ናቸው። ቁርኣንም በሱረቱል ከህፍ የዋሻውን ባለቤቶች ከነውሻቸው ይተርካል! በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም የሚተረክ ታሪክ!

ታላቋ ወደብ ኤፌሶን ዛሬ ባሕር የላትም! ወንዙ ደለል እያመጣ ወደቡን ሞላው፤ ባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ሸሽቶ ሄደ። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የእኛዋ ኤፌሶን ግን ሰው ይገበያይባታል፣ ይኖርባታል!

በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በማጀቴ የምታስተምሩ መምህራንና የድራማ ክበብ ልጆች ይህን ያነበባችሁ እንደሆነ አንድ ልመና አለኝ። «የስሕተቶች ኮሜዲ»ን በአማርኛ አዘጋጁና በየአዳራሻችሁ አሳዩን! ታሪኩ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ትዕይንቱ ከአንድ ከተማ አይወጣም፣ ብዙ ዕቃም አይፈልግም። የከተማውን ስም እንኳ መተርጎም አያስፈልጋችሁም!